ሦስት ጊዜ የተለካ ኩላሊት

የጡብ ሠሪውን የጉልፋምን ሬሳ የሚያጥቡት ሽማግሌ ውሃውን አቁመው ፖሊስ አስጠሩ። ከንፈሩ ከውስጥ በገዛ ጥርሱ ተበስቷል፤ ግራ ጎኑ ላይ የስፌት ጠባሳ አለ። የድሃ ሬሳ ቶሎ ይቀበራል፤ ገዳዩም የተማመነው በዚህ ነበር።

የመጣው መርማሪ ማንዙር ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎ የትናንት ምልምሎች አለቃ የሆኑበት ሰው። ሬሳውን አስመረመረ። በማግስቱ ውጤቱ መጣ፤ ሰውየው ታፍኖ ሞቷል፣ ያለውም ቀኝ ኩላሊቱ ብቻ ነው።

ጉልፋም የሞተው ሙልታን ከተማ ዳር ባለው የዶክተር ታንዊር ክሊኒክ፣ የአልትራሳውንድ አልጋ ላይ ነው። እዚያ ለጥናት እየተባለ የጤነኛ ሰዎች ኩላሊት እየተለካ ይመዘገባል። በሰዓቱ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ማንዙር ሦስቱንም አልጋው ዙሪያ አቆማቸው።

«ልቡ ነው» አለ ዶክተር ታንዊር። «ካልሆነም ይቺን ጠይቃት። ብቻዋን አብራው የነበረች እሷ ናት።»

ለኪዋ ሻጉፍታ፣ ከተቀጠረች ሦስት ወሯ ነው፣ ሻርፗን ጨበጠች። «ጎኔን አመመኝ ብሎ መጣ። ዶክተር፣ ግራው የለም ብዬ ለእርስዎ ነግሬ ወጣሁ እኮ! እሱም ሰምቶ ‹ቡአ ብላችሁ ስትቀድዱኝ ነው የሰረቃችሁኝ› ብሎ ጮኸ።»

«ውሸታም!» አለ ዶክተሩ። «መዝገቡ ላይ ሁለቱንም ጽፈሻል። ገመዱ አንገትሽን ይጠብቃል።»

«የዶክተር ሳሂብን፣ የጌታዬን፣ ስም የሚያጠፋ ምላሱ ይቆረጥ!» አለ ሽማግሌው ዘበኛ አላህ ዲታ። «እኔን እንኳ ሰው ብሎ ያስለካኝ እሱ ነው።»

ማንዙር መዝገቡን ገለጠ። «እህቴ፣ ለእያንዳንዱ ኩላሊት ሦስት ቁጥር ለምንድን ነው?»

«ሰው ሲተነፍስ ኩላሊቱ ይንቀሳቀሳል፤ እጄም ያው አይሆንም። ሦስቴ ለክቼ አማካዩን እወስዳለሁ።»

«የሁለት መቶ ሰው መስመር አየሁ። የማንም ሦስት ቁጥር አንድ ዓይነት አይደለም። የጉልፋም የትናንትናው ግን ቀኙ ሦስቴም 10.5 ሴንቲሜትር፣ የሌለው ግራው ሦስቴም 10.8። ይህን የጻፈ ሰው በእጁ ለክቶ አያውቅም። ዘበኛው ፊደል አልቆጠረም። እሷ ልዋሽ ብትል እንኳ አሳምራ ትዋሻለች። ማን ቀረ?»

ዶክተሩ ሳቀ። «አንተ አራተኛ ክፍል የወደቅህ፣ ቁጥር ልታስተምረኝ? አለቃህ እኮ ገበታዬ ላይ ነው የሚበላው። ምስክር አለህ?»

ማንዙር ስድቡን ዋጠ፤ ለምዶታል። ወደ ዘበኛው ዞረ። «ባባ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ጉልፋም እዚህ ተለክቶ ነበር። ስሙ አጠገብ ቀይ ምልክት አለ። በሳምንቱ ቡአ ተብሎ ተቀደደ። ያንተም ስም ይኸውልህ፤ ‹ጤነኛ› ይላል። ምልክቱ ቀይ ነው። መቼ ቀጠረህ?»

ዘበኛው ወደ መዝገቡ ጎንበስ አለ። «ሰኞ... ቡአ አለብህ ብሎኝ።»

«አለብህ?»

አላህ ዲታ ብሽሽቱን ዳሰሰ። ምንም የለም። ዶክተሩን አየው፤ ዶክተሩ መስኮት መስኮቱን ያያል።

«ትራሱ ከጄኔሬተሩ ጀርባ ነው» አለ ዘበኛው ቀስ ብሎ። «ደም አለበት። እሷ ከወጣች በኋላ ይዞት ገባ፤ ሲወጣ ደብቅ ብሎ ሰጠኝ። እኔ ውሻ፣ ደበቅሁለት።»

ማንዙር ለዶክተሩ ካቴናውን አጠለቀለትና አንዴ አጠበቀ። ዶክተሩ «ቀስ!» አለ። ደግሞ አጠበቀ። ዶክተሩ ጮኸ።

«ትንሽ ታገሥ፣ ዶክተር ሳሂብ» አለ ማንዙር፣ «እዚህ ቤት ሦስቴ ነው የሚለካው።»