ግራሩ ላይ የተሰቀለው ቦርሳ

ሸሪፍን ከዓለቱ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ሲያገኙት ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ከካይሮ ሲና በረሃ ድረስ የመጣው ዓለት እየወጣ ሊዝናና ነበር፤ የሐምሌ ፀሐይና የውሃ ጥም ገደሉት። ድንኳኑ የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል።

«ውሃ አላስቀመጠችለትም!» አለ ጓደኛው ታሜር፣ መንገድ መሪያቸውን ፍሬይጃን በጣቱ እየጠቆመ።

የፍሬይጃ የበደዊን ጎሳ ሽማግሌዎች አጉረመረሙ። ከጎሳው እንግዳ እየመራች በረሃ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ፍሬይጃ ናት። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ከእንግዲህ አንዲትም ሴት አትመራም።

«ቦርሳውን ውሃ ሞልቼ እዚሁ ጥላው ውስጥ አስቀምጫለሁ» አለች። «አንገቴን ብትቆርጡትም ቃሌ ይኸው ነው!»

ፖሊስ የላከው ዱካ አንባቢ መርዙቅ ወሬ አይወድም። አሸዋውን እያየ ሄዶ መንገድ ዳር ካለ ግራር ሥር ቆመ። ከላይ አንድ ቦርሳ ተሰቅሏል።

«ሸሪፍን ስትፈልጉ በዚህ አላለፋችሁም?»

«አራት ጊዜ አልፈናል» አለ የፍሬይጃ አጎት ልጅ፣ ግመል ነጂው ኦዴህ። «ግራር ላይ የተሰቀለ የሰው ዕቃ ማን ይነካል?»

መርዙቅ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰም። ግመል አስመጥቶ ከላዩ ሆኖ አወረደው። በውሃ የተሞላ ነው።

«የሸሪፍ ነው!» አለ ታሜር።

መርዙቅ ሁሉንም ሰበሰበ። «የከተማ ሰው ቢሆን አሸዋ ውስጥ ይቀብረው ነበር። እዚህ የሰቀለው፣ ባለቤቱ እስኪመለስ ማንም እንደማይነካው የሚያውቅ የእኛው የበደዊን ሰው ነው።»

«እንግዲያው እሷው ናታ!» አለ ታሜር።

«ቀስ በል። እኔ ያልደረስኩበት እሷ ትደርሳለች? የፍሬይጃ የእግር ዱካ ግራሩን ሳይጠጋ አልፏል። ግመል ከማስመጣቴ በፊትም ከሥሩ የግመል ዱካ ነበር። ለመሆኑ ትናንት ግመሎቹ በማን እጅ ነበሩ?»

ሁሉም ወደ ኦዴህ ዞረ።

«እንዲሞት አልፈለግኩም!» አለ ኦዴህ እያለቀሰ። «ቦርሳውን ያነሳሁት ተጠምቶ፣ ተናዶ ይመለሳል ብዬ ነው። ሴት መምራት አትችልም እንዲባል ነው!»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ፣ ነገሩ እስኪበርድ ለጊዜው ቤት ብትቀመጪ...»

ፍሬይጃ በንዴት ቀላች። «ሰው የገደለው ወንድ፣ ቤት የምቀመጠው እኔ? ነገ ጠዋት ስምንት እንግዶች ይመጣሉ። የምመራቸው እኔ ነኝ!»