ሲግሩን ከወንበሯ የተነሳችበት ስብሰባ

ኤንድሬ ከሲግሩን መጀመሪያ ያየው እግሯን ነው። ፊቷን ያየው ቆይቶ ነው።

የሶልቪካ ከተማ ምክር ቤት ድጎማ የተጠየቀበትን ቤት ሄዶ ሳያይ አይወስንም። ያን ቀንም አባላቱ ቢጫ የራስ ቁራቸውን ደፍተው፣ ወደቡ ዳር ያለውን አሮጌ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሊያዩ በዝናብ መጡ። ከሁሉም ታናሿ ሲግሩን ናትና ቀድማ ፎቅ ወጣች። ጥቂት እንደተራመደች የበሰበሰው ወለል ከዳትና አንድ እግሯ እስከ ጭኗ ሰመጠ።

ታች ኤንድሬ መሰላል ላይ ቆሞ ግድግዳ ይፍቃል። አጠገቡ፣ ከጣሪያው ላይ፣ ጭቃ የነካው ቡትስ ጫማ ብቅ አለ።

«ከምክር ቤት ነዎት?» ሲል ወደ ላይ ጠየቀ።

«አዎ» የሚል ድምፅ መጣ።

«እንግዲያው ቤቱ እድሳት እንደሚያስፈልገው ሳይታይዎት አልቀረም።»

ሳቋን መቆጣጠር ስላቃታት እሷን ማውጣት አስቸጋሪ ሆነ። ኤንድሬ ወጥቶ፣ ብብቷን ይዞ ጎትቶ ሲያቆማት ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሲግሩን የተጣመመውን የራስ ቁሯን አቃንታ፣ ማመልከቻው ላይ ያነበበችውን ስሙን መልሳ ጠየቀችው።

ኤንድሬ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ቤርገን ከተማ ውስጥ በሰው ዳቦ ቤት ሲጋግር ኖሮ፣ ያጠራቀመውን ሁሉ አፍስሶ ፋብሪካውን ገዛ። ታችኛውን ዳቦ ቤት፣ ላይኛውን ደግሞ ለወጣቶች የሚከራይ መኖሪያ ሊያደርገው ያስባል። ከከተማዋ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ የቤት ማደሻ ድጎማ፣ እና ንግዱ በእግሩ እስኪቆም ድረስ የጣሪያና ግድግዳ ግብር እፎይታ። ከተከለከለ ሁሉንም ሸጦ ወደ ቤርገን ከመመለስ ሌላ መንገድ የለውም።

ከዚያ ወዲያ ሲግሩን ወደ ወደቡ የሚያስኬዳት ጉዳይ በዛ። አንዴ ጓንቷን ረስታለች፤ አንዴ የባሕሩን አየር ልትቀበል ነው። እሱም ሄል የገባበት ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ይጠብቃታል። ክረምቱ ሳያልቅ ተዋደዱ። ማንም አላወቀብንም ብለውም አመኑ፤ ፍቅር የያዘው ሰው እንዲህ ነው።

አስቸጋሪው አባቷ ነበሩ። ሉድቪግ የምስማርና የቀለም ሱቅ አላቸው፤ በምክር ቤቱ በሌላው ፓርቲ ወንበር፣ ከልጃቸው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በቤት እሷን የሚያህል የለም፤ በአዳራሹ ግን አይማሯትም።

«እኔ ሱቅ ስከፍት ማን ግብር ማረኝ?» ይላሉ። «ለዳቦ ጋጋሪ ዛሬ፣ ነገ ለፀጉር አስተካካይ። ማለቂያ የለውም።»

ምክር ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ደጋፊዎቹ የሚበልጡት በአንድ ድምፅ ብቻ ነው። ያቺ አንድ ድምፅ የሲግሩን ናት። ከአመልካች ጋር የቀረበ ግንኙነት ያለው አባል ደግሞ ተነስቶ ይናገራል፣ ምክር ቤቱ እጅ አውጥቶ ይፈርድበታል፣ ከተፈረደበትም ከአዳራሹ ይወጣል። የወጣን አባል የሚተኩት ተጠባባቂ አባላት፣ የዓሣ ማጥመጃ ወቅት ነውና፣ ሁሉም ባሕር ላይ ናቸው። እሷ ከወጣች ድምፁ እኩል ይሆናል፤ እኩል ሲሆን የከንቲባዋ ድምፅ ያመዝናል። ከንቲባዋ ደግሞ ገንዘቡን የሚፈልጉት ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ነው።

በስብሰባው ዋዜማ ወደቡ ላይ ቆመው ይህንን ነገረችው።

«ታዲያ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለ ኤንድሬ። «አንድ ምሽት አታውቂኝም። ከዚያ ዕድሜ ልክ ታውቂኛለሽ።»

«በሰው ሁሉ ፊት እንደ ባዳ ልቁጠርህ?»

«ካልሆነ እኮ እሄዳለሁ፣ ሲግሩን።»

«እሱን አውቃለሁ» አለችና ቀና ብላ ሳታየው ሄደች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ብትናገር ታጣዋለች፤ ዝም ብትል ደግሞ በውሸት ታገኘዋለች።

በማግስቱ ተመልካች ከወትሮው በዝቷል። ኤንድሬ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የፋብሪካው ጉዳይ ሲነሳ ሲግሩን ዝም ልትል ነበር፤ የምር ልትል ነበር። ግን አንገቱን ደፍቶ ስታየው እንደ ባዳ መቁጠሩ አቃታትና ብድግ አለች።

«ክብርት ከንቲባ፣ በዚህ ጉዳይ ድምፅ መስጠት የሚገባኝ አይመስለኝም።»

ከንቲባ አስላውግ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምክንያትሽ?»

«አመልካቹን እወደዋለሁ።»

«እንደ ጎረቤት?»

«እንደ ጎረቤት አይደለም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከንቲባዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የሲግሩን ፍቅር ከአዳራሽ ያስወጣታል የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

በስተቀኝም በስተግራም እጅ ተነሳ። እነዚህ ሰዎች በሌላ ነገር እንዲህ ተስማምተው አያውቁም። ሉድቪግ ብቻ እጃቸውን ሳያነሱ ጠረጴዛውን ያያሉ።

ሲግሩን ወጥታ ኮሪደሩ ላይ፣ ለእረፍት በተዘጋጀው፣ ዋፍል የሚባል ጣፋጭ ቂጣ በሞላው ሰሃን አጠገብ ተቀመጠች። አለቀ ብላ አሰበች። ደግሞም ቀለላት፤ ሁለቱ ስሜቶች እንዴት አብረው እንደመጡ አልገባትም።

በሩ ተከፈተ። አባቷ ናቸው። አጠገቧ ተቀምጠው አንድ ዋፍል አነሱ።

«አባዬ፣ ምነው ወጣህ?»

«እኔም ተባረርኩ።»

«ማን አባረረህ?»

«ራሴ ነኝ። ሰውየው አማቼ ሊሆን ነውና መቀመጥ አይገባኝም አልኩ።»

«እሱ እኮ አልጠየቀኝም!»

«ከንቲባዋም ለመሆኑ ሊያገባት አስቧል ወይ አሉኝ። ያኔ ኤንድሬ ብድግ አለ። ተመልካች መናገር አይፈቀድለትም አሉት። አዎ ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ራሱን መነቅነቅ የሚከለክል ደንብ ፈልገው አጡ፤ እጅ አስወጡና ተፈረደብኝ።»

ሲግሩን አፏን በእጇ ያዘች። «ግብሩስ? ስትቃወም አልነበረም እንዴ?»

«አሁንም ልክ አይደለም እላለሁ።» ከዋፍሉ ገመጡ። «ግን እሱ ቤርገን ከሄደ አንቺም ትከተዪዋለሽ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ለዚች ከተማ የገበርኩት ልጄን እንድታስቀርልኝ ካልሆነ፣ ለምን ነበር?»

ሲግሩን አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ውስጥ ወንበር ሲንኳኳ፣ ሰው ሲንሾካሾክ ይሰማል። ከዚያ ኤንድሬ ወጣ፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«አለፈ» አለ። «ሁለቱም። በአንድ ድምፅ።»

ድምፃቸው ከተቃዋሚዎቹ የጎደለው ሉድቪግ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«ሲግሩን፣ ትናንት ያልኩሽ...» ኤንድሬ ቃሉ ተቆራረጠበት። «ፈርቼ ነው እንጂ አንድ ሰዓትም ባዳሽ መሆን አልፈልግም። ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ» አለች፤ እየሳቀች ታለቅሳለች።

ሉድቪግ ልብሳቸው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ አራግፈው ተነሱ። «እኔ ልግባ፤ ቀጣዩ ጉዳይ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ነው። አንቺም ቶሎ ነይ፣ በሱ ገና እንጣላለን።»

በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ድምፅ ሲሰጥ የሲግሩን ወንበር ባዶ ነበር፤ ማንም ምክንያቱን አልጠየቀም።