ባለ ስምንት አልጋ

«ቆይ፣ ቆይ! ሰዎቹን አይተሻቸዋል?» አለች ባሂራ፣ ስልኩን ከትርሲት እጅ ነጥቃ ፎቶውን በሁለት ጣቷ እያሰፋች።

ሁለቱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ትርሲት ልታሳትም የመጣችው ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ ከተማ ለእናቷ የያዘችውን ማረፊያ ማረጋገጫ ነው። እናቷ ነገ በማለዳ ትንሹን ወንድሟን ፊልጶስን ይዛ በሚኒባስ አዲስ አበባ ትገባለች፤ ከሰዓት በኋላ ለቪዛ የኤምባሲ ቀጠሮ አላቸው፤ ቪዛው ወጥቶ እስኪበሩም እዚያው ይቆያሉ። ፊልጶስ ሲወለድ ጀምሮ ልቡ ላይ ቀዳዳ አለበት። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የቀዶ ሕክምናውንና የአውሮፕላኑን ወጪ ችሎለታል። ማረፊያውን ግን ቤተሰቡ ራሱ እንዲፈልግ ተነግሮታል።

«የምን ሰዎች?»

«አልጋው ላይ ያሉት ናቸዋ! ይኸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ አልጋ። ይሄኛው ሰውዬ ሸሚዙን እያወለቀ ነው። ሴትየዋ ደግሞ እዚያው ፊቱ ጸጉሯን ትጎነጉናለች።» ባሂራ ሳቀች። «ወላሂ፣ ሸረፋ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለበትን ዶርም ነው የሚመስለው።» ሸረፋ ታላቅ ወንድሟ ነው።

«የሌላ ቤት ፎቶ ይሆናል። የኔ ስምንት አልጋ ያለው ትንሽ ፔንሲዮን ነው።»

«ፔንሲዮን የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ትርሲት ስልኩን ተቀበለቻት። ያቺን የእንግሊዝኛ መስመር ስንቴ አንብባታለች፤ «ስምንት አልጋ ባለው ቅይጥ መኝታ፣ አንድ አልጋ»። ቡታጅራ «አልጋ አለ?» ብሎ የሚገባ ሰው የሚጠይቀው ክፍል ነው። የጎረቤታቸው የእትዬ ፍቅርአዲስ ፔንሲዮን «ባለ ሃያ አልጋ» ሲባል፣ ሃያ በር፣ ሃያ ቁልፍ ማለት ነው። ስለዚህ ትርሲትም ባለ ስምንት አልጋውን ባለ ስምንት ክፍል፣ አንዱን አልጋም አንድ ክፍል አድርጋ ተረድታዋለች። ቅይጥ የሚለውን ደግሞ ከየአገሩ የተሰበሰበ እንግዳ ብላ ተርጉማ አልፋዋለች።

አሁን ቃሉን እንደተጻፈው አነበበችው። አልጋ ማለት አልጋ ነው። አንዲት ክፍል፣ በውስጧ ስምንት ሰው፣ ወንድና ሴት ሳይለይ። ዝቅ ብሎ በደቃቅ ፊደል ሌላም ነገር ተጽፏል፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ሰው በጋራ ክፍል አይስተናገድም።

ፊልጶስ ሰባት ዓመቱ ነው። ከሐኪም ቤቱ ሲወጣ ወዲያው ወደ አገሩ አይመለስም፤ ሐኪሞቹ እስኪያሰናብቱት ድረስ ከእናቱ ጋር እዚያው ከተማ ይቆያል። የቱ ክፍል? የቱ አልጋ ላይ?

«ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለች ባሂራ።

ትርሲት ደቃቁን ጽሑፍ አሳየቻት። ባሂራ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሳቋ ጠፋ። አንገቷን ወደ ትርሲት አስግጋ በሹክሹክታ፣ «ስሚኝ፣ ዝም በይ በቃ» አለቻት። «ኤምባሲ የሚያየው ወረቀት ነው። እዚያ ሲደርሱ አንድ ሐበሻ አይጠፋም፤ ይፈልግላቸዋል።»

«ከጠፋስ?»

«አታካብጂ! አሁን ብትናገሪ ቀጠሮው ያልፋል፤ ያለፈው ባንቺ ነው ይባላል። ዝም ካልሽ ግን ማን ያውቃል? ጣሊያኖቹ ሸወዱን ትያለሽ።»

«ቀጣይ!» አለ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ። «እህት፣ ስንት ኮፒ?»

«ሁለት» አለች ትርሲት። ወረቀቱ ከማሽኑ ሞቅ ብሎ ወጣ። ከላዩ የእናቷ ስም፣ «ብርሃኔ»፣ አንዲት ፊደል ሳትሳሳት ተጽፏል። ስሙን ለመጻፍማ እንዴት ተጠንቅቃ ነበር!

ወደ ሰፈር ብቻዋን ሄደች። መንገድ ላይ ያየችው ነገር የለም፤ የባጃጅ ጥሩምባ ሁለቴ ከመሀል አስፋልት አስወጣት። ለካ ሥራው የተበላሸው በችኮላ ሳይሆን በኩራት ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ መምህር ኃይሌ «አምጪው እስቲ አብረን እንየው» ሲሏት፣ «ጨርሻለሁ መምህር» ብላቸው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «የብርሃኔ ልጅ ጣሊያን አልጋ ያዘች» እያለ ነው፤ ያንን ምስጋና የምታካፍለው ሰው አልፈለገችም።

ፍለጋውም ቀላል አልነበረም። ሮም ርካሽ ነገር አገኘች፤ ሐኪም ቤቱ ግን ሮም አይደለም። ሚላኖ ዋጋው እሳት ነው። ቦሎኛ ራሷ የተማሪ ከተማ ናትና ባዶ ክፍል እንደ ወርቅ ነው። አንድ የመነኮሳት እንግዳ ቤት አይታ ነበር፤ ከሐኪም ቤቱ በእግር የሚደረስ፣ ቤተሰብ ከነልጁ የሚቀበል። «ባለ ሁለት አልጋ» ስለሚል ሁለት ክፍል ሊያስከፍሉን ነው ብላ አለፈችው።

አሁን ቆም ብላ ገጹን ከፈተችው። ኔትወርኩ ዞሮ ዞሮ መጣ። በእናቷ ቀኖች አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷል።

አንድ ቀርቷል። ለመያዝ ደግሞ ውጭ አገር የሚከፈልበት የባንክ ካርድ ያስፈልጋል። ካርዱ የተገኘው መርካቶ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጠው በእናቷ ወንድም በጋሼ ዳምጤ በኩል ነው፤ እሱም የራሱ ስላልሆነ ለምኖ ነው ያገኘው። «ትርሲት፣ ይሄ የሰው ካርድ ነው። ሁለተኛ ሄጄ ፊቴን አላሳይም። ደህና አድርገሽ አይተሻል?» ብሏት ነበር። «አይቻለሁ ጋሼ፤ አልቋል» ብላዋለች። ጋሼ ዳምጤ ሲቆጣ የሚለው ነገር ደግሞ ዓመት አይረሳም።

በር ላይ ፊልጶስ ቁጢጥ ብሎ አገኘችው። ትንፋሽ ሲያጥረው እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ጉልበቱን ደረቱ ላይ አጣብቆ ቁጢጥ ይላል። ከንፈሩ ወይን ጠጅ መስሏል።

«ሮጥክ አይደል?»

«ትንሽ ነው።» ተነፈሰ። «አንቺን… ሳይሽ።»

አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ጠበቀችው። ትንፋሹ ሲመለስለት እጇን ይዞ ገባ።

ቤቱ በሰው ሞልቷል። እናቷ አዲሱን ሻንጣ መሀል ወለል ላይ ዘርግታ ልብስ ታጥፋለች፤ ለመሸኘት የመጡ ጎረቤቶች ሶፋውንም አልጋውንም ይዘዋል። እትዬ ፍቅርአዲስ ከሁሉም ፊት፣ ቁልፎቿን እንዳንጠለጠለች ተቀምጣለች።

«መጣች ቱርጁማናችን!» አለች እናቷ ፊቷ እየበራ። «ወረቀቱ ደረሰ? እስቲ በአማርኛ አንብቢልን፤ እነሱም ይስሙልኝ።»

«እማዬ፣ ኋላ ይሻላል።»

«ምን ኋላ! ነገ እኮ ሌሊት ወጪ ነኝ። አንብቢ።»

ትርሲት ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘች። «ቦሎኛ ከተማ… አንድ አልጋ» አለች። «ንጹሕ። አንሶላ ይሰጣል። ኢንተርኔት አለው።»

«ጎሽ!» አለ አንድ ሰው።

«ሻወሩስ?» አለች እትዬ ፍቅርአዲስ፣ እንደ ባለሙያ ራሷን እየነቀነቀች። «የጋራ ነው የግል?»

«የጋራ ነው፣ እትዬ።»

«አይ፣ ምን ችግር አለው። የኔም ግማሹ የጋራ ነው። ዋናው ቁልፍ ነው። በሩን ከውስጥ ትቆልፊና ማን ይነካሻል? ልጁስ? ከእሷ ጋር ያስተኙታል አይደል? አንዳንድ ባለ ፔንሲዮን ነገረኛ ነው፣ ሰው ተጨመረ ብሎ በር ያንኳኳል።»

ሁሉም ያያታል። እናቷ ትንሿን ሹራብ በግማሽ አጥፋ ይዛ ቀና ብላለች።

«ያስተኙታል» አለች ትርሲት።

«ተመስገን!» እናቷ ሹራቡን ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠች። «እኔማ የሱ ነገር ነበር የሚያስጨንቀኝ። አገሩን አላውቅ፣ ቋንቋውን አላውቅ። ግን ልጄ አይታዋለች፤ ልጄ ካየችው በቃኝ።»

ወሬው ወደ ነገው መንገድ ዞረ። አንዱ ቡኢ ላይ መንገድ እየተቆፈረ ነው አለ፤ ሌላው የጥያው ይሻላል ብሎ ተከራከረ፤ ሴቶቹ «ሁለቱም እኮ አንድ መንገድ ነው!» ብለው ሳቁበት። ትርሲት ግን እዚያው ቆማለች። የተናገረችው ቃል ምላሷ ላይ ቀርቷል፤ አልዋጥ፣ አልተፋ ብሏል።

ፊልጶስ ቀሚሷን ጎተታት። «ትርሲትዬ፣ አልጋችን በመስኮት በኩል ነው?» አላት በሹክሹክታ። «ሐኪሙ፣ ከሐኪም ቤት ስወጣ ብዙ መሮጥ ክልክል ነው ብሎኛል። መስኮት ካለው መኪና እቆጥራለሁ።»

አላየችውም። ብታየው እንደሚያስለቅሳት አውቃለች።

ስልኳን አወጣች። የመነኮሳቱ ገጽ አሁንም ክፍት ነው፤ አንድ ክፍል ቀርቷል ይላል። የጋሼ ዳምጤን ቁጥር ነካች። ወደ ጓሮ ወጥታ ብቻዋን ልታናግረው አስባ ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ተመለሰች። ሁሉም እንዲሰማ ስፒከሩን ከፍታ ስልኩን ሻንጣው አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። የጥሪው ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«ማነው? ዳምጤ ነው?» አለች እናቷ። «ሰላም በይልኝ!»

«አቤት ትርሲት!» አለ ጋሼ ዳምጤ፤ ከኋላው የመርካቶ ጫጫታ ይሰማል። «ተዘጋጁ? ነገ መናኸሪያ እጠብቃቸዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ካርዱን ዛሬ ሊያገኙት ይችላሉ?»

«ምን አልሽ?» ጫጫታው ራቅ አለ፤ ወደ ጥግ ሳይሄድ አልቀረም። «ደግሞ ለምን? አልቋል አላልሽኝም እንዴ?»

እትዬ ፍቅርአዲስ ቁልፎቿን ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ትርሲት ወለሉ ላይ፣ እናቷ ፊት ተንበረከከች።

«አላለቀም፣ ጋሼ» አለች። «ተሳስቼ ነው። የያዝኩት ክፍል አይደለም፤ ልጅ አያስገቡም። ሌላ አንድ አለ፤ ሳያልፈን ዛሬውኑ መያዝ አለብን። ቅድምም ለእማዬ ዋሽቻታለሁ። አሁን እየሰማች ነው።»