አጥፍቼዋለሁ ያለችው ፎቶ

በ2004 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አስተማሪዋ ሔርሜላ ሴቻ ሰፈር ካለው ገደል ሥር ሞታ ተገኘች። በቀኝ እጇ የተበጠሰ ጥቁር ክር ጨብጣለች።

ኢንስፔክተር ሻሺቱ ክሩን በወረቀት ጠቅልላ የሟቿን እጮኛ ክብሩን ጠየቀችው።

«ምን አስጨንቋት ነበር?»

«አንድ ሰው ‹ነይና አግኚኝ፤ አለዚያ ፎቶሽን እበትነዋለሁ› እያለ ይደውልባት ነበር። ቤቷ ውስጥ በፎጣ ሆና ራሷን ያነሳችው ነው። ዓምና አጥፍቼዋለሁ ብላ ማለችልኝ።»

«አመንካት?»

ክብሩ አቀረቀረ። «አላመንኳትም።»

«ስለ ፎጣው ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

«ለማን ብዬ!»

የሔርሜላ እናት ወይዘሮ ልክነሽ ከኦቾሎ መንደር ወርደው ልጃቸው ጋ ከተቀመጡ ዓመታቸው ነው።

«እማማ፣ የሔርሜላን ስልክ ማን ይነካ ነበር?»

«ማንም! የሚስጥር ቁጥር አለው፤ እኔ እንኳ አልከፍተውም። የኔ ልጅ፣ ስሟ ሳይጎድፍ ልቅበራት፤ ሌላ አልለምንሽም።»

«የእርስዎ ስልክ መዝሙር ያጫውታል። ሚሞሪውን ከየት አገኙት?»

«እሷ አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ሰጠችኝ። ባዶ ነው አለችኝ። ሲቀላ ሰፈር ወርጄ፣ ሱቅ ከፍቶ ዘፈን የሚጭነው ላቀው መዝሙር ጫነልኝ። ትሁት ነው፤ ‹እናቴ› ነው የሚለኝ።»

ላቀው ሱቁ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ በአዲስ ነጭ ሲባጎ ፍላሽ አንጠልጥሏል።

«ኢንስፔክተር፣ ስልክዎ ዝም ብሏል። ዘፈን ልጫንልዎት? ለፖሊስ በነፃ ነው።»

«ስለ ሔርሜላ ፎቶ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«በፎጣ ያነሳኋት እኔ አይደለሁም! በአካል እንኳ አላውቃትም።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ፖሊስ ጣቢያ ተሰበሰቡ።

«ሔርሜላ ፎቶውን አጥፍታዋለች፤ እውነቷን ነበር» አለች ሻሺቱ። «ከሚሞሪ የጠፋ ነገር ግን ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በኮምፒውተር ሊመለስ ይችላል። ያ ሚሞሪ ደግሞ ከእናቷ እጅ ወጥቶ የገባው አንድ ሱቅ ብቻ ነው። ላቀው መዝሙሩን ከመጫኑ በፊት የጠፋውን አወጣ፤ እየደወለም አስፈራርቶ ገደሉ ጋ ቀጠራት። ፎቶ ብቻ ስለው ፎጣ አለኝ፤ እኔ አልነገርኩትም። ገደሉ አፋፍ ላይ ሔርሜላ ፍላሹን ልትነጥቀው ስትታገል ክሩ ተበጠሰ። እሱም ገፈተራት።»

ፍላሹን ከአንገቱ አወለቀች። በቀዳዳው ውስጥ ከነጩ ሲባጎ ሥር የጥቁር ክር ቁራጭ ተሰንቅሮ ቀርቷል።

«እንድትወድቅ አልፈለግኩም» አለ ላቀው።

«ወስጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ልክነሽ። «በሉ ፎቶውን አጥፉልኝ። ከቀብሯ በፊት አጥፉልኝ።»

«ለሌላ ሰው ሰጥተሃል?» አለችው ሻሺቱ።

«ለሁለት ጓደኞቼ። በብሉቱዝ።»

«መቼ?»

«ከመቀጣጠራችን በፊት።»

«እነሱስ ለማን ሰጡ?»

ላቀው ትከሻውን ሰበቀ።

ወይዘሮ ልክነሽ ክፍሉን ዙሪያውን ቃኙ። «እናንተ ግን አላያችሁትም፤ አይደል ልጆቼ?»

በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።