ያልኮመጠጠው ጠርሙስ

አሰፋሽ የሞተችው ቅዳሜ፣ ታጥባ ጸጉሯ ሳይደርቅ ነው። ኢንስፔክተር የምስራች ወደ ሆስፒታል ስትመጣ አስከሬኑ በነጠላ ተሸፍኖ ነበር፤ ከነጠላው ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«የዓይኗ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል» አላት ሐኪሙ። «ይህን የማየው ድንች ሲረጩ የተባይ መድኃኒቱ የተደፋባቸው ገበሬዎች ላይ ነው። የጠጣችው ነገር የለም። የራስ ቆዳዋ ግን ክፉኛ ተፈትጓል። መርዙ የገባባት በዚያ ነው።»

«ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ እስኪመለስ?»

«ከወር በላይ ይፈጃል።»

ከተማው ግን ወር የሚጠብቅ አልነበረም። የምስራች፣ አሰፋሽ ወደታጠበችበት የዝናሽ ጸጉር ቤት ስትደርስ በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሏል፤ የመስኮቱ መስተዋት ረግፏል። ዝናሽ ከቤይሩት ተመልሳ ይህን ቤት ከከፈተች ወዲህ የፋብሪካ ሻምፑ ደጇን ረግጦ አያውቅም። እሬት፣ የተቀቀለ ተልባ፣ አብሽና ጥቂት እንዶድ አዋህዳ በየጠርሙሱ ትሞላለች፤ ደንበኛ የምታጥበው በዚያ ብቻ ነው። አሁን «ቅጠል በጣሿ ሰው ገደለች» እየተባለች ነው።

«የት ነበርሽ?» አለቻት የምስራች።

«ገበያ፤ እሬት ልገዛ። ስመለስ ሰው ተሸክሟት ሲወጣ ደረስኩ። ስሟን እንኳ አላውቀውም። ያጠበቻት ጌጤ ናት።»

«ማጠቢያው ውስጥ ሌላ ምን ትጨምሪበታለሽ?»

«ምንም። ለዚህ እኮ ነው ጥቂት ቀን ካደረ የሚኮመጥጠው። በየሳምንቱ እንደ አዲስ እሠራለሁ።»

የምስራች ሟቿ የታጠበችበትን ጠርሙስ በፌስታል ጠቀለለች። ከመደርደሪያው ደግሞ በዚያው ጠዋት የተሞላ ሌላ ጠርሙስ አነሳች። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው።

ጌጤ ጓሮ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከዝናሽ ጋር መሥራት ከጀመረች ቆይታለች። የሟቿ ባል የይሻው እኅትም ናት፤ ይህን የተናገረችው ግን ስትጠየቅ ነው።

«እኔው ነኝ ነይ ልጠብሽ ያልኳት» አለች። «ከወንድሜ ተጣልታ ከወጣች ወዲህ አክስቷ ዘንድ ነው የምትኖረው። ቂም ምን ያደርጋል ብዬ ነው። አጥቤያት ስትነሣ አዞራት። ጓንቴን እንኳ በቅጡ ሳላወልቅ ደግፌ አስቀመጥኳት። ከዚያ ማስመለስ ጀመረች።»

«ከወንድምሽ ጋር በምን ተጣሉ?»

«መሬቱ ይካፈል አለች። አባታችን ያረሰውን። ወንድሜም፣ ገና ሳይጣሉ፣ እሷን ሰምቶ ከኔ ጋር መነጋገር ትቷል።»

ከሁለት ቀን በኋላ የምስራች ከጎን ወዳለው የሙላቴ ሱቅ ገባች። ሻምፑ ይሸጣሉ፤ ዝናሽን በዓይናቸው ማየት አይወዱም፤ ይህንም አይደብቁም።

«ይቺ ልጅ አንድ ቀን ሰው ትፈጃለች ብዬ ነበር» አሉ። «ለቀበሌም ተናግሬያለሁ።»

«ጋሼ ሙላቴ፣ ቅዳሜ ወደ ቤቷ ገብተው ነበር?»

«ምን ልሠራ? በደጇ አልፌያለሁ። ሁልጊዜ እሬት እሬት ይላል፣ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ያን ቀን እንኳ ትንሽ ተሽሎት ነበር፤ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ሸተተኝ። ልብ ገዛች መሰለኝ ብዬ በሆዴ ስቄ አለፍኩ።»

የምስራች እስክሪብቶዋን አቆመች። «ጽጌረዳ የሚሸት ሻምፑ እርስዎ ይሸጣሉ?»

«እሸጣለሁ። ወንጀል ነው?»

«በዚያ ሰሞን ማን ገዛዎት?»

ሙላቴ አገጫቸውን እያሻሹ አሰቡ፤ ከዚያም የገዛቻቸውን ሰው ስም ነገሯት።

ባልየው ይሻው ከሚኖርበት ከገሳይ ለጥያቄ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። የምስራች ቢሮ ውስጥ ሳይቀመጥ ቆሞ መለሰላት። አዎ፣ ድንች ያመርታል። አዎ፣ መድኃኒቱ ቤቱ አለ። ቤቱ ቁልፍ የለውም፤ ዘመድ ይገባል፣ ይወጣል። ሚስቱን የገደለች ሴት ቤቷ ይቃጠል እንጂ እሱ ምን ይጠየቃል?

የምስራች አልተከራከረችውም። ሁለቱን ጠርሙሶች ቢሮዋ መስኮት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ጠበቀች።

ሳምንቱ ሲያልቅ አራቱንም በዝናሽ ጸጉር ቤት ሰበሰበቻቸው። ይሻው ዝናሽን ላለማየት ፊቱን አዙሮ ቆመ። ሙላቴ ከበሩ አልራቁም። ውጭ ደግሞ ሰው ቆሞ ያዳምጣል።

የምስራች አንደኛውን ጠርሙስ ከፈተች። ክዳኑ ተፍ ብሎ ተነሣ፤ ክፉ ኮምጣጣ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ይህ የዝናሽ ነው። የተሠራው ቅዳሜ ጠዋት ነው» አለች። ሁለተኛውን ሳትከፍተው በፌስታሉ ውስጥ እንዳለ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። «ይህ አሰፋሽ የታጠበችበት ነው። እሱም የቅዳሜ ነው። አልኮመጠጠም፣ አልተነፋም፣ ቀለሙ እንኳ አልተለወጠም። ከእሬትና ከተልባ ቢሠራ ኖሮ እስካሁን አይተርፍም ነበር። ይህ ቅጠል ተጨምቆበት አረንጓዴ የሆነ የፋብሪካ ሻምፑ ነው።»

«እሷ ራሷ ብታደርገውስ?» አለ ይሻው።

«ዝናሽ የራሷን ማጠቢያ ለማስመሰል ምን አደከማት? መደርደሪያው ሙሉ አላት። ለገዳዩ ሻምፑ ያስፈለገው ለሽቶው ነው። የድንች መድኃኒት ሽታው አይደበቅም። የዝናሽ ማጠቢያ ሽቶ ስለሌለው ያጋልጠዋል። ጽጌረዳው ሸፈነው፤ ጋሼ ሙላቴ ግን በደጅ ሲያልፉ ሸተታቸው።»

«እኔ የለሁበትም» አሉ ሙላቴ።

«የሉበትም። ማን እንደገዛዎት ይንገሯቸው።»

ሙላቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጌጤ ናት። አሠሪሽ ይህን ብታይ ታባርርሻለች ብዬ ቀልጄባታለሁ።»

«ለራሴ ነው የገዛሁት» አለች ጌጤ።

«ዝናሽ፣ እዚህ ቤት በጓንት ይታጠባል?» አለች የምስራች።

«በጭራሽ። እጅ የሚጎዳ ነገር ራስ ላይ አይደረግም፤ መጀመሪያ ያስተማርኳት ይህን ነው።» ዝናሽ ወደ ጌጤ ዞረች። «ጓንት አድርገሽ ነበር?»

«ጓንቴን ሳላወልቅ ደገፍኳት ያለችኝ ራሷ ናት» አለች የምስራች። «ስንት ሰው በባዶ እጇ ያጠበች ልጅ ያን ቀን ብቻ እጇን ሸፈነች። ምን እንደያዘች ታውቅ ነበር።»

ጌጤ አላለቀሰችም። ወንድሟን አየችው። «ለማን ብዬ ነው? መሬቱን ልታስቆርስ ነበር። አንተ አፍ የለህም።»

ይሻው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ታርቀን ነበር» አለ። «ሽማግሌ ገብቶ የመሬቱን ክስ ትታው ነበር። ሰኞ ልወስዳት ነበር። ከጌጤ ጋር እኔ ልታረቅ፣ እኔው ራሴ ልንገራት አለችኝ። ነይ ልጠብሽ ስትያት እንዴት ደስ እንዳላት።»

ጌጤ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች።

«የምነግርሽ ነገር አለ ብላኝ ነበር» አለች። «ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ውሃው እየፈሰሰባት።»

«ምን አልሻት?» አላት ይሻው።

«መጀመሪያ ልጠብሽ አልኳት።»