ከመጀመሪያው ወንበር የተያዙት ሁለት ሦስቶች

የቀበሌው ሊቀመንበር ሰይፈሥላሴ ሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሞቶ እንደተደፋ ነበር። የቀኝ ጆሮ ግንዱ ተፈርክሶ ደሙ በካርታዎቹ መሀል እስከ ወለሉ ወርዷል። የሁለት ኪሎው የሚዛን ብረት ፀጉር እንደተጣበቀበት እግሩ ሥር ወድቋል። መርማሪው የመቶ አለቃ ወልደሰንበት የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ ፈልቅቆ የጨበጣቸውን ሁለት ካርታዎች አየ። ሁለቱም ሦስት ቁጥር ናቸው።

በገንዘብ ፋንታ ከሚያስይዙት የክብሪት እንጨት ክምር ሥር ደግሞ ማህተም ያረፈበት፣ ስም ግን ያልተጻፈበት ወረቀት ደም ጠጥቶ ተጣብቋል። ከብሔራዊ ውትድርና ነፃ የሚያደርግ ደብዳቤ ነው። ቀኑ እሑድ ከሰዓት ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ምልምሎቹን የሚጭነው ካሚዮን ከሆሳዕና ከተማ ይነሳል።

አብረውት የተጫወቱት ሦስት ናቸው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የዚህ ሻይ ቤት ባለቤት ትርፊት፣ ትኬት ቆራጩ ዳኘና መምህር ገብረሚካኤል። ሦስቱም ለየብቻ ተጠይቀው አንድ ቃል ሰጡ፦ ጨዋታው እንደ ወትሮው በልክ ነበር፤ በየዙሩ ሁለት እንጨት፣ ከዚያ አያልፍም።

«እኔማ ጨዋታው ሳያልቅ ቀድሜ ወጣሁ» አሉ መምህሩ። ትርፊት ሻይ ስታቀርብ ብርጭቋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። «ስኳር ይቅርብኝ፤ ሐኪም ከልክሎኛል።»

ወልደሰንበት ዳኘን ወደ ደጅ አወጣው።

«ይህን ፖከር ያስተማርካቸው አንተ ነህ አሉ።»

«አሰብ ወደብ ስሠራ ከመርከበኞች የለመድኩት ነው። ለየሰው ሁለት ካርታ ይታደላል፤ የጋራ አምስት ደግሞ መሀል ላይ ተራ በተራ ይገለጣል።»

«ሊቀመንበሩ ይችሉበት ነበር?»

ዳኘ የካርታ ነገር ከተነሳ አፉን መግታት አይሆንለትም። «አንደኛው ወንበር ላይ፣ ከአዳዩ ቀጥሎ ሲሆኑ ማን ይችላቸዋል! ቀድሞ የሚያስይዝ ሰው ከኋላው ያሉት ምን እንደያዙ አያውቅም፤ መራጭ መሆን አለበት። በልክ ሲሆን ንጉሥና ንግሥት ይዘው ይገባሉ፤ ቢሸነፉ ጥቂት እንጨት ነው። ትንንሽ ጥንድ፣ ማለት ሁለት አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ግን ይጥላሉ፤ ብታሸንፍም የምታመጣው አይረባም።»

«ያለ ልክስ፣ ያለህን ሁሉ ማስያዝ ስትችል?»

«ግልብጥ ነው። ንጉሥና ንግሥትን ይጥላሉ፤ ከኋላ አስና ንጉሥ የያዘ ካለ ያላቸውን ሁሉ ያስበላቸዋል። ትንሿን ጥንድ ግን በርካሽ ገብተው ይጠብቋታል። ሦስተኛዋ ከመጣች ሰውን ባዶ ያስቀራሉ። ከዚህ አንድ ቀን ዝንፍ ብለው አያውቁም።»

ወልደሰንበት ተመልሶ ከጨዋታው የቀሩትን አራት ብርጭቆዎች እያነሳ አየ። የሦስቱ ቂጥ በስኳር ተጣብቋል። ከሟቹ በስተቀኝ ያለው አራተኛው ንጹሕ ነው፤ ከጎኑም ያልታደለው ካርታ ተቆልሏል።

«ትርፊት፣ አዳይ መሀል ላይ ተነሥቶ ይሄዳል?»

«እኔ ቤት? የመጨረሻው ካርታ ሳይገለጥ አዳይ ንቅንቅ አይልም።»

ሦስቱን ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰባቸው። ደሙ ገና አልደረቀም።

«ሟቹ ከአንደኛው ወንበር በጥንድ ሦስት ገብቷል። እንደ ዳኘ ቃል ይህን የሚያደርገው ያለ ልክ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ሦስታችሁም ዋሽታችሁኛል። የተጫወታችሁት ለዚህ ደብዳቤ ነው።»

ትርፊት ማልቀስ ጀመረች። «እኔና ዳኘ ካርታችንን ጥለን ወጣን። ተጠያቂ እንሆናለን ብለን ፈራን እንጂ፣ ሲገደል አላየንም።»

«አምናችኋለሁ። ገዳዩ የቀረው ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ አራት ካርታ ተገልጧል፤ አንዱ ሦስት ቁጥር ነው። አምስተኛው ሳይገለጥ ቀርቷል፤ አዳዩ ግን አልተነሣም ነበር። የተመታው በቀኝ በኩል ነው፤ አዳዩም የተቀመጠው እዚያው፣ ያልታደለው ካርታና ስኳር የሌለው ብርጭቆ ካሉበት ነው። መምህር፣ ቀድመው አልወጡም።»

ገብረሚካኤል ወንበራቸው ፊት ተደፍተው የቀሩትን ሁለት ካርታዎች ራሳቸው ገለበጧቸው። ሁለቱም ንጉሥ ናቸው።

«ሦስቶቹ ከተገለጠው ጋር ሦስት ሆነው ሁለቱን ንጉሦቼን እንደበለጡ አሳየኝና ሳቀ። ‹ኤሊያስን ለነገ ስንቅ ቋጥርለት› አለኝ። አንድ ልጄ ነው፤ እሱን አስይዤ ስጫወት መዋሌ ያን ጊዜ ገባኝ። ደጋግሜ መታሁት። ደብዳቤውን ላነሳ ስል ደም በልቶታል።» ወደ ካርታው ቁልል አዩ። «አምስተኛው ካርታ ምን ነበር?»

ወልደሰንበት ከቁልሉ ላይ የመጀመሪያውን ካርታ ወደ ራሱ አዙሮ አየው። ሦስተኛ ንጉሥ ነበር፤ ቢገለጥ ኖሮ መምህሩ ያሸንፉ ነበር።

«ሰባት ቁጥር» አላቸውና ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለው።

ሰኞ ጠዋት ኤሊያስን የጫነው ካሚዮን በፖሊስ ጣቢያው በር አለፈ። አባቱ የሞተሩን ድምፅ ከታሰሩበት ክፍል ሆነው ሰሙት።