ከበሩ የሚነበብ ካርድ

«ኧረ ይሄ ምንድን ነው የሚለው?» የእንስሳት ክሊኒኩ ዶክተር ከሻምበል በር ላይ ካርዱን ነቅሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። «ዶሮ የጫረው እኮ ነው የሚመስለው!»

ጮሌ የሚሏት ልጅ መጥረጊያዋን ጨበጥ አደረገች። ሻምበል የሚባለው ግዙፍ ውሻ ከፍርግርጉ ኋላ አፉን እየላሰ ጭራውን ይቆላል። ቁርሱን ጥርግ አድርጎ በልቷል። ችግሩም ይኸው ነው፤ ዛሬ መግል የቋጠረ ጥርሱ ሊነቀልለት ነበር፣ ማደንዘዣ የሚወጋ እንስሳ ደግሞ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ጋሼ፣ የእንስሳቱን ምግብ የሚያድሉት ሽማግሌ። «ማንበብ አቃተኝ። መነጽሬም አርጅቷል፣ እኔም አርጅቻለሁ። ሲለማመጠኝ ጊዜ አልቻልኩም፣ ሰጠሁት።»

«ጋሼ፣ ካርዱ ሳይነበብ ምግብ አይሰጥም ተባብለን አልነበር?» ዶክተሩ ተበሳጭቷል። «በቃ፣ ለነገ ይተላለፍ። እስከዚያ ማስታገሻ እሰጠዋለሁ።» ብሎ ወጣ።

ካርዱን የጻፈችው ጮሌ ናት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከክፍሏ ልጅ ከሆነው ጓደኛዋ ጋር ክሊኒኩን ማገዝ ጀምራለች፤ ከሠመረላትም ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ልትቀጥል ነው። በእንስሳ ጉዳይ የሚያህላት የለም። የሚቧጭር ድመት እሷ እጅ ሲገባ ይለሰልሳል፣ እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ፊደል ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ጠላቷ ነው። የአንድ ቃል አጻጻፍ ግራ ሲገባት ዘዴ አላት፤ አጣድፋ፣ አድበስብሳ ታልፈዋለች። የማይነበብ ጽሑፍ ስህተቱም አይታይም። «የሐኪም እጅ ጽሑፍ ነው» እያለች ስትቀልድበት ከርማለች። ዛሬ ግን አፈረች።

ጓደኛዋ ጠጋ ብሎ «አታካብጂ አቦ፣ ሰውየው ራሳቸው ተቀብለውታል» አላት በሹክሹክታ። «የነገውን እኔ እጽፍልሻለሁ። ከአሁን በኋላም አንቺ ውሾቹን፣ እኔ ካርዱን። ማን ያውቃል?»

ሐሳቡ ፈታኝ ነበር። ጮሌ ወደ ሻምበል ዞረች። ያበጠ ጉንጩን ከፍርግርጉ ጋር እያሻሸ ያለቃቅሳል። አንጀቷን በላት።

«አንተ የሌለህበት ቀንስ?» አለችው።

መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ የዶክተሩን በር አንኳኳች። «ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊደል ይምታታብኛል፣ እንዳይታወቅብኝ ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት። ጋሼ ምንም አላጠፉም።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ የነገውን ማን ይጻፈው?»

«እኔው» አለች ጮሌ። «በሚነበብ።»

ዶክተሩ ባዶ ካርድ ሰጣት።

በትልልቁ ጀመረች። «ማደንዘዣ» ላይ ስትደርስ እጇ እንደ ልማዱ ሊሮጥ ቃጣው፤ ያዘችው። ከዚያ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ድረስ «ጋሼ! ማደንዘዣ ሲጻፍ እንዴት ነው?» ብላ ተጣራች።

ጓደኛዋ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጋሼ ግን ባልዲያቸውን አስቀምጠው አጠገቧ ቁጭ አሉና ፊደል በፊደል አሏት። የተሳሳተውን ሰረዘች፣ ከጎኑ አስተካክላ ጻፈች። ስርዙን ለመደበቅ አልሞከረችም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆሙ። መነጽራቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«ሻምበል» ብለው ካርዱን ጮክ ብለው አነበቡ። «ለማደንዘዣ ይዘጋጃል። ምግብ ክልክል ነው።» ከዚያ ወደ ውሻው ጎንበስ አሉ። «ሰማህ አይደል ጌታው? ዛሬ ልምምጥ አይሠራም።»

ሻምበል ማንበብ አይችልምና ጭራውን መቁላቱን ቀጠለ። ጋሼ እየሳቁ ሊያልፉ ሲሉ፣ ጮሌ የአዲሷን ድመት ባዶ ካርድ ወደ ራሷ ሳበች።

«ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩኝ» አለች። «እዚህችም ላይ የሚያስቸግረኝ ቃል አለ።»